በሁዳዴ በቀለም መጸለይ፦ የ55 ዓይን ሐረግ አሠራር

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ዓይን የሚለየውን ቀይና አረንጓዴ ብቻ ሳይሆን፣ ጸሐፊው ብርዑን የሚነክርበትን ጥቁር ፈሳሽ፣ ከዚያም አልፎ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አፍ የሚቀበለውን ትምህርት ጭምር ያመለክታል፤ ፊደል የለየ ሰው «ቀለም ቆጠረ» ይባላል፣ «የቀለም ቀንድ» የሚለው የሊቅ መጠሪያም የጸሐፊዎች ቀለም ይቀመጥበት ከነበረው ቀንድ የመጣ ነው። ቀለምና ጸሎት በአንድ ብራና ላይ አብረው በኖሩበት አገር ጿሚው በዐቢይ ጾም በቀለም ልጸልይ ቢል እንግዳ ነገር ጀመረ አይባልም። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ወረቀትና ለ55 ቀን የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለእይታ የሚጠቀሱት ቦታዎች በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራሮች ያሉ ናቸው፤ በሌላ አካባቢ የሚኖር አንባቢ በደጁ ያለውን ተራራ፣ ጠበልና ዛፍ በእነዚህ ፋንታ ሊወስድ ይችላል።

በምዕራቡ ዓለም ሲቢል ማክቤዝ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ የሚጸለይለትን ሰው ስም ጽፎ በዙሪያው መሥመርና ቀለም እየጨመሩ መጸለይን የሚያስተምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ካሳተመች ወዲህ ልማዱ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተሰራጭቷል፤ በዚያው ዓለም ወይን ጠጅ ቀለም የጾሙ ወራት መለያ ሆኖ በካህናቱ ልብስና በመንበሩ መሸፈኛ ላይ ይታያል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁዳዴን የምታስታውቀው ግን አንድ ነገር በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው፦ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ የጾመ ድጓው ዜማ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል፣ ማዕዱ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ይለያል። እዚህ የቀረበው አሠራርም ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ ቀለሙ ራሱ እንዲጾም ያደርጋል፤ የከለር ሳጥኑን በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ የሚዘረግፍ ሰው የሚያምር ነገር ሊሠራ ይችል ይሆናል፣ በሰባተኛው ሳምንት ግን የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም።

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት ሁለት ድንበሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ በዚህ ወረቀት ላይ የጌታ፣ የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን መልክ አይሣልም። ቅዱስ ሥዕል የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ሥርዓትና የቤተ ክርስቲያን ቡራኬ ያለው፣ የሚሰጠው ክብርም በሥዕሉ ወደተገለጸው ባለቤት የሚያልፍ ነገር ስለሆነ፣ ለልምምድ የሚነሣ የቤት ሥራ አይደለም። በምትኩ የሚሠራው «ሐረግ» ነው፤ ሐረግ ማለት እንደ ተክል ሐረግ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ በብራና መጻሕፍት የምዕራፍ መጀመሪያና ጠርዝ ላይ የሚሣል ጌጥ ሲሆን፣ መልክ የሌለው በመሆኑ ለጀማሪ እጅ አያስፈራም። ሁለተኛ፣ ቀለሙ የታዘዘውን ጸሎት አይተካም፤ ጿሚው ከንስሐ አባቱ ጋር የወሰነውን ዳዊትና ውዳሴ ማርያም ካደረሰ በኋላ፣ ስግደቱንም ከፈጸመ በኋላ፣ ወደ ወረቀቱ ይቀርባል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚሠራው ጌጥ እንጂ ጸሎት አይሆንም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ወፈር ያለ አንድ ኤ ፎር ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ተራ እርሳስ፣ ቀለሙ ያለቀ አንድ እስክሪቢቶ፣ እንዲሁም ልጆች «ከለር» የሚሉት የቀለም እርሳስ ባለ 12ቱ ፓኮ ይበቃል። በጥንቱ መንገድ መሥራት የሚፈልግ ሰው ጥቁሩን ከጥቀርሻ፣ ቀይና ቢጫውን ከአፈር ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ጥቀርሻው ወይም የተወቀጠው አፈር በወንፊት ከተነፋ በኋላ በውሃ በሟሟ የግራር ሙጫ ይለወሳል። ቀለም በእንቁላል አስኳል መለወስም የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሚቀባ እንጂ የሚበላ ባይሆንም፣ በሁዳዴ ቤት ውስጥ እንቁላል ሲሰበር ማየት የማይወድ ቤተሰብ ስላለ ሙጫው ሰላም ያወርዳል። የቀለም እርሳስ የሚጠቀም ሰው ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፣ በጸሎቱም ላይ የሚጎድልበት የለም።

ሐረጉ የሚሠመረው በዘወረደ እሑድ ነው። ዐቢይ ጾም በባሕረ ሐሳብ ስሌት ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አይዘገይም፤ በየትኛውም ቀን ቢገባ ግን የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ስለሆነ ከፊቱ ያለው እሑድ የዝግጅት ቀን ይሆናል። የብራና ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት ገጹን በወስፌ ወግቶ፣ ያለ ቀለም በብረት ጫፍ ጭሮ እንደሚያሰምር ሁሉ፣ እዚህም በአለቀው እስክሪቢቶ ወረቀቱ ላይ የማይታዩ መሥመሮች ይጫራሉ፦ ወደ ጎን ሰባት፣ ወደ ታች ስምንት ቤት የሚያወጡ፣ የእያንዳንዱ ቤት ስፋትም 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ። ከዚያ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ሁለት ማዕበል መሳይ መሥመሮች ከግራ ወደ ቀኝ በተራ እርሳስ ይሣላሉ፤ አንዱ ወደ ላይ ሲጎብጥ ሌላው ወደ ታች ይጎብጣል፣ በቤቶቹ ድንበር ላይም ይገናኛሉ። ሁለቱም መሥመሮች እንደ ጥብጣብ ስፋት እንዲኖራቸው ከሥራቸው ሌላ መሥመር ይጨመርላቸዋል፤ በተገናኙበት ቦታ ሁሉ አንዱ ጥብጣብ በላይ ያልፋል፣ በሚቀጥለው መገናኛ ደግሞ ያው ጥብጣብ በታች ያልፋል። ድርብ ፈትል ሲከር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በመጨረሻ በየረድፉ ሰባት ዓይን መሳይ ባዶ ቦታ፣ በጠቅላላው 56 ዓይኖች ይወጣሉ።

የመጀመሪያው ዓይን የዘወረደ እሑድ ድርሻ ሲሆን ባዶውን ይቀመጣል፣ ጾሙ ገና አልገባምና። የቀሩት 55ቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥዑር ያሉት የጾም ቀናት ናቸው። የትንሣኤ ዓይን በወረቀቱ ላይ የለም።

የየዕለቱ ሥራ እንዲህ ነው። ጸሎት ከደረሰ በኋላ የዕለቱ ዓይን ውስጥ የአንድ ሰው ስም በተራ እርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ካህናት በቅዳሴና በጸሎት የሚጠሩት የክርስትና ስም እንጂ የሰፈሩ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ስም አይደለም። የታመመ፣ የተጣላ፣ የሞተ፣ ብድር የከለከለ፣ ሁሉም ቦታ አለው። ቀጥሎ በዚያ ሳምንት ቀለም 41 ጭረቶች በስሙ ላይ ይሳባሉ፤ 41 የሆነበት ምክንያት በቤተ ክርስቲያን እግዚኦታ የሚደርሰው በዚህ ቁጥር ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ ጭረት ከላይ ወደ ታች በዝግታ ይሳባል፣ ከእያንዳንዱም ጋር አንድ ጊዜ «እግዚኦ» ይባላል። መቍጠሪያ የለመደ እጅ ቍጥሩን አይስትም፤ የሳተም ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ መቍጠር አይገባውም። ቀለሙ ሲበረታ ስሙ ከሥሩ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ያየ የቤት ሰው ሁሉ ለማን እንደተጸለየ አያነብም። ያመለጠ ቀን በማግስቱ አይሞላም፣ ባዶውን ይቀራል፤ በእውነቱ ሦስትና አራት ባዶ ዓይን ያለው ወረቀት ሙሉ ከሆነው ይልቅ ታማኝ መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ዘወረደ፣ ትርጓሜውም «የወረደው» ማለት ሆኖ፣ አምላክ ከሰማይ መውረዱንና ሰው መሆኑን ያስባል፤ ቀናቱ በቢዛንታዩ ንጉሥ በሕርቃል ስም ጾመ ሕርቃል ተብለውም ይጠራሉ። ቀለሙ የአፈርና የድንጋይ ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ በተራራው ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ለዚህ ሳምንት ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አይገኝም፤ ሌላ ሕንፃ ከመሠረቱ ወደ ላይ ሲወጣ የአለት ቤተ ክርስቲያን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ የደረሰ ሰው የአለቱን አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ መርጦ ለጥቂት ጊዜ ቢመለከት፣ «ድንጋይማ ግራጫ ነው» የሚለው ግምት ብዙ አይቆይም። በወረቀቱ ላይ ግን የሚፈቀደው ቡናማ አንዱ እርሳስ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ከእጅ ክብደት ነው።

ቅድስት የተባለው ሁለተኛው ሳምንት የሰንበትን ቅድስና የሚያስብ ሲሆን፣ ከስምንቱ ሁሉ የሚፈትነው እርሱ ነው፣ ቀለም የለውምና። በየዕለቱ 41ዱ ጭረቶች የሚሳቡት መሥመሩ በተጫረበት በዚያው ባለቀ እስክሪቢቶ ነው። ስሙም እንደዚያው ያለ ቀለም ይጻፋል። ወረቀቱ ፊት ለፊት ሲታይ ባዶ ይመስላል፤ በመስኮት አጠገብ አዘንብሎ የጠዋት ብርሃን በጎኑ ሲያርፍበት ግን ጭረቶቹ እንደታረሰ ማሳ ትልም አንድ በአንድ ይለያሉ። አንዳንድ ጿሚ ይህን ሳምንት በነጭ እርሳስ ማለፍ ይፈልግ ይሆናል፤ አይመከርም፣ ነጭ እርሳስ የሆነ ነገር የተሠራ የሚያስመስል ማምለጫ ነው።

ሦስተኛው ምኩራብ ነው፤ ጌታ ወደ ምኩራብ ገብቶ ማስተማሩና የሚሸጡትን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ ይነገርበታል። የመጻሕፍትና የትምህርት ሳምንት ስለሆነ ቀለሙ የብራና ጸሐፊዎች ቀይ ነው። በብራና መጻሕፍት ጽሑፉ በጥቁር ሲሄድ ቆይቶ የፈጣሪ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ጸሐፊው ብርዑን ይለውጥና በቀይ ይጽፋል፤ አንባቢው ገጹን ገና ሳያነብ ስሞቹ ከሩቅ ይታዩታል። በዚህ ሳምንት ብቻ ስሙ አይሸፈንም። የክርስትና ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ድርብ ስለሆኑ፣ ለምሳሌ «ወለተ ማርያም» በሚለው ውስጥ «ወለተ» በተራ እርሳስ፣ «ማርያም» በቀይ ይጻፋል፣ ጭረቶቹም በስሙ ዙሪያ ያርፋሉ። ሰውየው የራሱ የሆነው የስሙ ግማሽ ብቻ መሆኑን የሚያሳይ ሥራ ነው።

መጻጉዕ ማለት ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው፤ ሳምንቱ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ተኝቶ የኖረውን ሰው ያስባል። ቀለሙ የውሃና የእመቤታችን መጎናጸፊያ ሰማያዊ ነው፣ ስሞቹም የሕሙማን ይሁኑ። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ደጅ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ማየት የቤተ ሳይዳን ነገር ያለ ትርጓሜ ያስረዳል፤ እርግጥ እዚያ ዓይን የሚመታው ሰማያዊ ሳይሆን የጠበል መያዣው ጀሪካን ቢጫ ነው። ውሃ ራሱ ቀለም የለውም፣ ሰማዩን ይዋሳል፤ ስለዚህ ሰማያዊው እርሳስ ሳይጫኑ፣ ወረቀቱ ከሥሩ እንዲተነፍስ ሆኖ ይሳባል።

የጾሙ እኩሌታ የሆነው ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ ማለት ሲሆን፣ ጌታ በዚያ ተቀምጦ ስለ ዳግም ምጽአቱ ማስተማሩን ያስባል። ለእንጦጦ ሰው ይህ ሳምንት በቤቱ የመጣ ነው፤ ተራራውም አለ፣ ወይራውም አለ። በዚህ ሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ አጼ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከደፉባት ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቶ በዛፎቹ መካከል መራመድ ይገባል፣ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በኩል መግባትም ይቻላል። የሚፈለገው ሦስት አረንጓዴ ነው። የመጀመሪያው የባሕር ዛፉ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ተራራውን የሸፈነው ይህ ዛፍ ለጋ ቅጠሉ ብር መሳይ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አቧራ የለበሰ ሲሆን፣ በጣት ሲጠረግ ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ ይወጣል። ሁለተኛው የጽዱ ነው፣ ከሩቅ ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው። ሦስተኛው የወይራው ሲሆን ሊቀመጡ ሊመለከቱት የሚገባው እርሱ ነው፦ ቅጠሉ ጠባብና ጠንካራ፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ግን ወርቃማ ቡኒ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ዛፉ በሙሉ ቀለሙን ይለውጣል፣ ነፋሱ ሲያልፍም ይመለሳል። ቅጠል መቀንጠስ አያስፈልግም፣ የወደቀ አንድ ይበቃል፣ ለሥራውም ዳዊት ውስጥ ይቀመጣል። ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ያሉት ዓይኖች በሰማያዊ ላይ አረንጓዴ በመደረብ የባሕር ዛፉን፣ ረቡዕና ሐሙስ አረንጓዴ ላይ ቡናማ በመጫን የጽዱን፣ ዓርብና ቅዳሜ የወይራውን ቀለም ይይዛሉ፤ ለወይራው ዓይኑ በመካከል ተከፍሎ ግማሹ በፊቱ፣ ግማሹ በጀርባው ቀለም ይሞላል። እንግዳ ዛፍና ያገሩ ዛፍ በአንድ ረድፍ መቀመጣቸው ሆን ተብሎ ነው።

ገብር ኄር፣ «በጎ አገልጋይ»፣ የመክሊቱ ምሳሌ ሳምንት በመሆኑ ቀለሙ ቢጫ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥዕሎች ከቅዱሳኑ በስተጀርባ ያለው ቦታ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቢጫ ሲሆን፣ በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቢጫው ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ እየደበዘዘ የሚያልፍበት አሣሣል መጥቷል። በወረቀቱ ላይ እሑድ 41 ጭረት ይሳባል፤ ሰኞ በ41ዱ ላይ ሌላ 41 ይደረባል፣ ማክሰኞ ሦስተኛ ንብርብር ይጨመራል፣ እንዲሁ እያለ ቅዳሜ 287 ጭረት ይደርሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ረጅም ጊዜ መተው ያስፈልጋል፤ የእርሳሱ ጫፍም ሁለት ሦስት ጊዜ መቀረጽ ስለሚኖርበት መቅረጫው ቀድሞ ይዘጋጅ።

ኒቆዲሞስ የኦሪት መምህር ሆኖ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣ ሰው ነው፤ ሳምንቱ የሌሊት ስለሆነ ሥራው መብራት ከበራ በኋላ ይሁን። ጥቁሩ እርሳስ ግን አሁንም አይነካም። ጨለማው የሚሠራው ሰማያዊ፣ ቀይና አረንጓዴ እርስ በርስ ሲደራረቡ ነው፤ እንዲህ የተሠራ ጨለማ በብርሃን ሲታይ ከውስጡ ቀለም ይሰጣል።

ስምንተኛው ረድፍ በሆሣዕና ይጀምርና የሰሙነ ሕማማትን ቀናት ይይዛል። እሑድ የዘንባባው ቀለም፣ ወደ ቢጫ ያደላ ለጋ አረንጓዴ ነው። ከሰኞ ጀምሮ በሕማማቱ ካህናት ጥቁር ይለብሳሉ፣ ምእመናንም መስቀል መሳለምና እርስ በርስ መሳሳም ያቆማሉ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሳይነካ የቆየው ጥቁር እርሳስም አሁን ይወጣል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጭረቶቹ ተራርቀው ይሳባሉ። በጸሎተ ሐሙስ የጉልባኑ ስንዴና ባቄላ ቡናማ ከጥቁሩ ጋር ይገባል። በስቅለት ዓርብ ግን ቀኑ የስግደት እንጂ የወረቀት አይደለም፤ ጿሚው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ትከሻው ላይ የተጠበጠበበት የወይራ ቅጠል ጠረን ከልብሱ ሳይለቅ፣ ዓይኑን ሳይቈጥር በጥቁር ይሞላዋል። የሚጻፈው ስም የራሱ ነው።

ቅዳሜ ሥዑር ካህናት የሚያድሉት ቄጤማ በራስ ላይ ይታሰራል፣ የመጨረሻው ዓይንም የዚያን ርጥብ ቄጤማ አረንጓዴ ይይዛል፤ ከደብረ ዘይቱ ሦስት አረንጓዴ አንዱንም አይመስልም፣ ስለዚህ አንድ ዘንግ ከፊት አስቀምጦ እያዩ መሥራት ይሻላል። ወረቀቱ ሲያልቅ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ ለእንግዳም አይታይም፣ ስም ያለበት ነገር ስለሆነም በቆሻሻ አይጣልም፤ ተጣጥፎ ዳዊት ውስጥ ይቀመጣል። ከመታጠፉ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሊገለበጥ ይገባል፤ በጀርባው የቅድስት ሳምንት ጭረቶች፣ ያለ ቀለም የተጻፉት ሰባት ስሞችም ጭምር፣ ወደ ውጭ አብጠው በጣት ይዳሰሳሉ።